የኋላ በሩ መቀርቀሪያ

ዙቤይዳ ሙሳ ፖሊስ ጣቢያው ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ መቀመጥ ከጀመሩ ሁለተኛ ቀናቸው ነው፤ እስካሁን «ምን አዩ? ምን ሰሙ?» ያላቸው አንድም ሰው የለም። ሻይ ሻጯን ጠይቀዋል። ባጃጅ ነጂዎቹን በየተራ ጠርተዋል። በዚያ በኩል ፍየል ሲነዳ ያለፈውን ሰውዬ ሳይቀር አስገብተው ለፍልፍ ብለውታል። እሳቸውን ግን እንደ ተጣለ ጆንያ እየተሻገሩ ይገባሉ፣ እየተሻገሩ ይወጣሉ።

«እማማ፣ ቤትዎ ቢገቡ አይሻልም? ዝናቡ ሊመጣ ነው» አላቸው ወጣቱ ፖሊስ፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ አላህ ይወቅ።

«ዝናቡን ተወውና ቃሌን ጻፍ።»

«የሥጋ ዘመድ ነዎት እኮ። አያት ለልጅ ልጇ ብትመሰክር ማን ያምናል?»

«እውነት ከሆነስ?»

«ደግሞ መፈረሙም...»

«ጣት የለኝም?» ብለው አውራ ጣታቸውን አፍንጫው ሥር ደገኑበት። «ይሄ ጣት አንተ ሳትወለድ ስንት ውል ላይ አርፏል! ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ዓይኔ አልፈሰሰም። ጻፍ ብዬሃለሁ።»

ፖሊሱ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ገባ። ዙቤይዳ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተመልሰው ተቀመጡ። ጉልበታቸው ያማቸዋል። ልባቸው ከጉልበታቸው ይብስ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ክረምት፣ ሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት ሊያልቅ ሲል፣ ከሚሴ ከሰው ይልቅ ባጃጅ የበዛባት ትመስል ነበር። ባጃጁንና መኪናውን የሚሸጠው አቡበከር በከሚሴ፣ በሰንበቴና በባቲ ቅርንጫፍ ከፍቷል። የዙቤይዳ የልጅ ልጅ ፈይሩዝ ኮምፒውተር ተምራ ከመጣች በኋላ ሦስቱን ቤቶች በኢንተርኔት የሚያገናኝ ሲስተም ሠራችለት። ሰንበቴ የተሸጠውን ባቲ ያለው ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያየዋል፤ ከሚሴ የቀረውን ሰንበቴ ያውቀዋል። «ቀኑን ሙሉ በስልክ ሲጯጯሁ ይውሉ ነበር፤ እኔ ነኝ ጉሮሯቸውን ያሳረፍኩላቸው» ትላለች።

ዓርብ ዕለት የከሚሴው የሽያጭ ኃላፊ ሙህዲን ሞቶ ተገኘ።

ከተማው መብራት ጠፍቶበት ነበር፤ ዝናቡም ይወርድ ነበር። ጄኔሬተሩን እንዳይረጥብ ብለው ከቢሮው ፊት ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ አስገብተውታል። ገመዱ ስለሚያልፍበት የቢሮው በር አይገጥምም። ወደ ጓሮ የሚያስወጣው የብረት በር ግን ጭሱ እንዲወጣ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወንዶቹ የፊቱን በር ቆልፈው ጁምዓ ሊሰግዱ ሄዱ። ሙህዲን አስም ነበረበት፤ ሌሊቱን ሲያስል ስላደረ ቀረ። ፈይሩዝ ምሳዋን ልትበላ አያቷ ቤት ሄደች። ስትመለስ የኋላ በሩን ተዘግቶ፣ በውጭ በኩል ተቀርቅሮ አገኘሁት አለች። ስትከፍተው ጭሱ ፊቷ ላይ ተደፋባት። ሙህዲን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቷል፤ ነፍሱ ወጥታለች። አስከሬኑን ያዩት ሐኪሞችም የገደለው ጭሱ ነው አሉ።

መጨረሻ የወጣችው እሷ፤ መጀመሪያ የገባችው እሷ። በሩ ተቀርቅሮ ነበር የምትለውም እሷ ብቻ። በዋዜማው ደግሞ ከሙህዲን ጋር ሲጨቃጨቁ ጩኸታቸው አስፋልቱ ድረስ ተሰምቷል። ያዟት። «ከእኔ ጋር ሩዝ ስትበላ ነበር» የሚል አንድ አፍ ነበር፤ እሱም የዙቤይዳ አፍ ነው።

ረፋዱ ላይ አንድ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ሰው ከባጃጅ ወረደ። ከአፉ መፋቂያ አልተለየም፤ ከዓይኑ ሥር ያለው ቆዳ የተንጠለጠለ ነው። ወደ ጣቢያው መግባት ሲገባው አግዳሚው ላይ ከዙቤይዳ ጎን ዘፍ አለ።

«አካም ቡልተን፣ እናቴ» አለ፤ እንዴት አደሩ ማለቱ ነው።

«ነገያ፣ በሰላም። ደክሞሃል መሰለኝ።»

«ከዛሬ አይደለም የደከመኝ» አለ ሰውየው። «ኢንስፔክተር እንድሪስ ነኝ። ማን ሞቶብዎት ነው እዚህ የተቀመጡት?»

«የሞተብኝ የለም። ልጄን ነው በቁሟ የቀበሩብኝ።»

«የፈይሩዝ አያት ነዎት።»

«ነኝ። አንተም ልትስቅብኝ ነው?»

«መሳቅም አቅም ይፈልጋል።» መፋቂያውን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዛወረ። «ዓርብ ዕለት ከእርስዎ ቤት ስትወጣ ምን ይዛ ነበር?»

ዙቤይዳ ጥያቄው ገረማቸው። ለምን ገደለችው አላላቸውም፤ ስንት ሰዓት ሄደች አላላቸውም። «ሣህን ነዋ። ለዚያ ለምስኪን ለሙህዲን ሩዝ በሥጋ አድርጌለት፣ በሌላ ሣህን ከድኜ ሰጠኋት። በሁለት እጇ አቅፋ ነው የሄደችው፤ ትኩስ ነበራ።»

እንድሪስ «እንሂድ» ብሎ ተነሣ። ማንን እንዳለ ግልጽ አልነበረም። ዙቤይዳ እሳቸውን ነው ብለው ወሰኑና ተከተሉት።

መሸጫው ከዋናው መንገድ ዳር ነው። ከፊቱ አዳዲስ ባጃጆች ተደርድረዋል። እንድሪስ በፊት በር አልገባም፤ ዞሮ በኋላው መንገድ ሄደ። ጓሮው ላይ ጠጠር ተነጥፎበታል። አጥሩ ቆርቆሮ ነው፤ በሩን በሽቦ ቋጠሮ ብቻ ስለሚይዙት ያንን የሚያውቅ ሁሉ ይገባል።

ከብረቱ በር አጠገብ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ሣህኑ አለ። እንደተከደነ ነው። ጉንዳን ወሮታል።

«ሣህኔ!» አሉ ዙቤይዳ፤ ጎንበስ ሊሉም ጀመሩ።

«አይንኩት፣ እናቴ።» እንድሪስ ሣህኑ ፊት ቁጢጥ አለ። ከዚያ ተነሥቶ መቀርቀሪያውን አየ። ወፍራም ብረት ነው፣ ዝገት የበላው። በአንድ እጁ ሞከረው፤ አልተነቃነቀም። በአንድ እጁ በሩን ወደ ውስጥ ገፍቶ በሌላው ሲስበው ሲጢጥ እያለ ተንሸራተተ። ብረቱ ወደ ቀለበቱ በሚገባበት በኩል ዝገቱ ተፍቆ ያብረቀርቃል።

«ይሄን መቀርቀሪያ የሚጠቀምበት አለ?» ብሎ ጮኸ።

ከውስጥ እጁን በጨርቅ እየጠራረገ አንድ ወፍራም ሰው ብቅ አለ፤ መካኒኩ ዘይኑ ነው። «እሱን? እኔ እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ተነክቶ አያውቅም። ከውስጥ ነው የምንዘጋው። አኮ ዙቤይዳ፣ እርስዎም ፖሊስ ሆኑ እንዴ?» አላቸው፣ እንደ ሰፈሩ ሁሉ «አያቴ» ብሎ እየጠራቸው።

«ፖሊሶቹ ሥራቸውን ሲተዉ ምን ላድርግ!»

ዘይኑ ሳቀ፤ ወዲያው ግን የሞተው ሰው ትዝ አለውና አንገቱን ደፋ።

«ዓርብ ዕለት የት ነበርክ?» አለው እንድሪስ።

«ጁምዓ። የት እሆናለሁ?»

«ከዚያስ?»

«ምን ከዚያ አለው? ሰገድን። ከዚያ ቆመን ሰገድን። ከዚያ ወጥቼ ሻይ ቤት ቁጭ ስል የዚችን ልጅ ጩኸት ሰማሁ። እኔ ስደርስ ዓብዱልመጂድ ቀድሞኛል፤ ሙህዲንን በሻሹ እየሸፈነው ነበር።»

እንድሪስ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ፤ አየው፤ መለሰው። ሌላ ነገር አልጠየቀም። ዙቤይዳ ለራሳቸው «ይሄም ሰነፍ ነው» አሉ።

አቡበከርን ያገኙት ቢሮው ውስጥ ነው። ከዓርብ ወዲህ እንቅልፍ እንዳላየ ፊቱ ይናገራል። ዙቤይዳን ሲያይ ለመነሣት ሞከረ፤ እሳቸው ግን አላስጨረሱትም።

«ጫማውን ጠይቀው!» አሉ ለእንድሪስ። «ዓርብ ዕለት ሁሉም ከደረሰ በኋላ ነው የመጣው። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀይ ጭቃ ለብሶ ነበር። ጩኸቱን ሰምቼ ስመጣ በእነዚህ ዓይኖቼ አይቻለሁ። ቤቱ የሱ፣ ቁልፉ የሱ፣ ጄኔሬተሩ የሱ!»

«ቀብር ነበርኩ» አለ አቡበከር በደከመ ድምፅ።

«የማን ቀብር?» ዙቤይዳ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «ከሚሴ ውስጥ ሰው ሞቶ እኔ ሳልሰማ? ዓርብ ከሙህዲን ሌላ የሞተ የለም! ለቅሶ አምልጦኝ ያውቃል? ንገረዋ!»

«እርስዎ ያልሰሙት ሰው አይሞትም ማለት ነው?»

«ምላስህ ረዘመ!»

«እናቴ፣» አለ እንድሪስ፣ «እስቲ ውጭ ይጠብቁኝ። ጓሮውን ደግሞ ይዩት።»

እየተነጫነጩ ወጡ፤ ጓሮውንም አዩት። ጠጠር ነው። ከአጥሩ እስከ በሩ አንድ እፍኝ ቀይ አፈር የለበትም። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገባቸው፤ ግን አልወደዱትም። ስለዚህ ዘለሉት። ውሸታሙን እንዳገኙት እርግጠኛ ነበሩ።

የባቲው ቅርንጫፍ ኃላፊ ዓብዱልመጂድ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ነጭ ጀለቢያ፣ የጸዳ ጫማ፣ የሽቶ ጠረን። ከዓርብ ጀምሮ ወደ ባቲ አልተመለሰም፤ ቀብሩንም ለቅሶውንም አብሮ ተሸክሟል። ዙቤይዳን አይቶ ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ሳመ።

«እናቴ፣ ለፈይሩዝ ዱዓ እያደረግኩ ነው። ልጅ ናት፤ ሳታስበው ነው በሩን የዘጋችው። እኔም ለፖሊሶቹ ያልኳቸው ይሄንኑ ነው፤ ተንኮል የለባትም ብዬ።»

«አላህ ይስጥህ» አሉት። ከሁሉም ሰው የሰው ወግ ያለው እሱ ብቻ መሰላቸው። ሳታስበው ነው ማለቱ ትንሽ ቆረቆራቸው፤ ግን የተጠማ ሰው ደግ ቃልን አይመልስም።

እንድሪስ ወጥቶ ሰላም አለው። «አንተስ ዓርብ?»

«ከባቲ በጠዋት ተነሥቼ መጣሁ። መንገደኛ ነኝ ብዬ ልቀር እችል ነበር፤ ግን ጁምዓ አያስችለኝም። ኢማሙ አሰላምተው ሰላቱን እንደጨረሱ ወጣሁ። ጩኸቱን ስሰማ እየሮጥኩ ነው የደረስኩት። ወላሂ፣ የዚያን ልጅ ጩኸት መቼም አልረሳውም።»

«ድምፅ ማጉያው ይሠራ ነበር?»

«መብራት ጠፍቶ እንዴት ይሠራል? ውስጥ የነበርን ነን የሰማን።»

«ልክ ነህ» አለ እንድሪስ፤ አዛጋም።

ከሰዓት በኋላ ፈይሩዝን አስጠራት። ዙቤይዳ አብረው ሊገቡ ሲሉ ወጣቱ ፖሊስ እጁን ዘረጋ፤ እንድሪስ «ተዋቸው፤ ብንከለክላቸውም ይገባሉ» አለው። ልጅቷ ሁለት ሌሊት ውስጥ ጠውልጋለች።

«አኮ፣ በልተዋል?»

«እኔን ተይኝ፤ ራስሽን ተመልከቺ! ከስተሽ ከስተሽ እኮ ልትጠፊ ነው።»

«ሐሙስ ዕለት ለምን ተጣላችሁ?» አላት እንድሪስ።

«ሲስተሙ ተበላሽቷል ብሎ ነው የጮኸብኝ። ከባቲ አንድ አዲስ ባጃጅ መጥቶ ሊያስገባው ሲል ስክሪኑ ቀይ ሆነበት፤ አልቀበልም አለው። ሲስተሙ ሁለት ጊዜ የማይቀበለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሻንሲ ቁጥር፣ አካሉ ላይ የተቀረጸው መለያው። ተሽጦ የወጣ ተሽከርካሪ እንደገና አዲስ ሆኖ አይገባም። እኔም ሥራዬን ሲሰድበው ጊዜ ጮኽኩበት።»

«አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይወለድም እንደማለት ነው» አሉ ዙቤይዳ። የገባቸው መሆኑን ኢንስፔክተሩ እንዲያውቅ ፈልገዋል።

«ከዚያስ?»

«ዓርብ ጠዋት ይቅርታ ጠየቀኝ። 'ከዚህ በፊት የት ነው የተሸጠው?' አለኝ፤ አሳየሁት። አምና፣ ሰንበቴ። 'ሰውየው መጥቶ ያስረዳኛል፤ እስከዚያ ለማንም አትንገሪ፤ የሰው ስም ነው' አለኝ።»

«ይህንን ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች ፈይሩዝ። «ለምን ገደልሽው ብቻ ነው የጠየቁኝ።»

እንድሪስ ግንባሩን በመዳፉ ይዞ ቆየ። የተኛ መሰለ። «ነገ ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ፣» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ሁላችሁንም መሸጫው ውስጥ እፈልጋችኋለሁ።»

በማግስቱ ዝናቡ አባርቶ ነበር። በአዳራሹ መሃል አንድ ሰማያዊ ባጃጅ ቆሟል። ዙሪያውን አቡበከር፣ ዘይኑና ዓብዱልመጂድ ተቀምጠዋል። ፈይሩዝ በአንዲት ሴት ፖሊስ ታጅባ ጥግ ላይ ናት። ወጣቱ ፖሊስ በሩ ላይ ቆሟል። ዙቤይዳ ከሁሉ የሚሻለውን ወንበር መርጠው ተቀመጡ። እንድሪስ ቆመ፤ የመቆም ፍላጎት ግን አልነበረውም።

«ቶሎ እንጨርስ» አለ። «ከሣህኑ እጀምራለሁ። ይህቺ ልጅ በሩ ተቀርቅሮ ነበር ስትል ያመናት የለም። ሣህኑ ግን ድንጋይ ላይ፣ ክዳኑ ሳይነሣ፣ ሩዙ ሳይፈስ ተቀምጧል። በሩ ክፍት ቢሆን ይዛው ትገባለች፤ ሙህዲንንም ስታይ ከእጇ ይወድቅና ይሰበራል። በሩ ገርበብ ብሎ ቢሆን በክርኗ ትገፋዋለች። ቀስ ብላ ውጭ ያስቀመጠችው ሁለት እጅ የሚፈልግ ነገር ስለገጠማት ነው። መቀርቀሪያው ሁለት እጅ ይፈልጋል። ሞክሬዋለሁ።»

«አላልኩም?» አሉ ዙቤይዳ።

«ታዲያ ራሷ ቀርቅራው ሄዳስ ቢሆን?» አለ ዓብዱልመጂድ በለስላሳ ድምፅ። «ዝናቡ እንዳይገባ ብላ።»

«ዝናቡ እንዳይገባ የዘጋ ሰው ዘጋሁት ይላል፤ ተቀርቅሮ አገኘሁት ብሎ አንገቱን ገመድ ውስጥ አያስገባም። ልትገድለው ፈልጋ ከሆነ ደግሞ ለሬሳ ትኩስ ምሳ በሁለት እጇ ተሸክማ አትመጣም፤ ተመልሳም የመጀመሪያዋ አግኚ አትሆንም። ምሳዋን በልታ እናንተ እስክትመጡ ትቀመጥ ነበር።» መፋቂያውን አወጣ። «ሁለተኛው ነገር ጠቡ ነው። ጠቡን ሁላችሁም ሰምታችሁታል፤ ስለምን እንደሆነ ግን የጠየቀ የለም። ዘይኑ፣ ማግኔቱን አምጣ።»

ዘይኑ ከአሮጌ ስፒከር የፈታውን ማግኔት ይዞ ባጃጁን ዞረው። ከፊት ለፊቱ ቆርቆሮ ላይ አስጠጋው፤ ያዘ። በጎኑ በኩል አስጠጋው፤ ወደቀ። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ወደቀ። በጥፍሩ ቀለሙን ፋቅ ሲያደርገው ከሰማያዊው ሥር ነጭ ዱቄት ወጣ።

«ስቱኮ ነው!» አለ ዘይኑ። «ይሄ ጎኑ ተጨፍልቆ ነበር። ብረቱን አቃንተው፣ ስቱኮ ለጥፈው ነው የቀቡት። በአላህ! ይሄ አዲስ ነው? እኔ ራሴ በዚህ ተሳፍሬ ልሞት ነበር እኮ!»

«አምና ሰንበቴ ተሽጦ የተገለበጠ ባጃጅ ነው» አለ እንድሪስ። «አንድ ሰው ስብርባሪውን በርካሽ ገዛው። ከፋብሪካ የመጣውን እውነተኛውን አዲስ ለብቻው ወደ ቆላ ወስዶ ሸጠ፤ በምትኩ ይሄንን አስጊጦ አቆመ። ድሮ በስልክ ብቻ በምትገናኙበት ጊዜ ማን ያውቅበታል? የዚህች ልጅ ሲስተም ግን አወቀበት። ሙህዲን የልጅቷን ሥራ ነው መጀመሪያ የረገመው። በኋላ ሲገባው ደግሞ የሰው ስም አላጠፋም ብሎ ሰውየውን ጠራው፤ 'መጥተህ አስረዳኝ' ብሎ። ያ ጨዋነቱ ነው የገደለው።»

«ባጃጁ ከባቲ ነው የመጣው» አለ አቡበከር ቀስ ብሎ።

«ከባቲ መምጣቱ ብቻውን ምንም አይደለም» አለ ዓብዱልመጂድ። ፈገግታው አልጠፋም። «ጠጋኙ መካኒክ ሊሆን ይችላል፤ አስመጪው አንተው ነህ፤ እኔ የተላከልኝን ነው የምልከው። ያን ሰዓት ደግሞ ሁላችንም አላህ ፊት ነበርን።»

«እሱ ነው ያደከመኝ» አለ እንድሪስና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ዝናብ፣ ጭንቅንቅ፤ ማን ከማን ጎን እንደሰገደ የሚያስታውስ የለም። ሁላችሁም ነበርን ትላላችሁ።» መሬት መሬት እያየ፣ ለራሱ የሚያወራ ይመስል ቀጠለ። «ከጁምዓው በኋላ የተሰገደባት የዚያች ሕፃን ጀናዛስ? ወላጆቿ እነማን እንደሆኑ የነገረኝ የለም። ያሳዝናል።»

ዓብዱልመጂድ ዘወትር አጽናኝ ቃል ከአፉ የማይጠፋ ሰው ነው። አሁንም አልጠፋም።

«አላህ ለወላጆቿ ሶብር ይስጣቸው» አለ። «የማን እንደሆነች እኔም አልጠየቅኩም። ከኋላ ነበርኩ፤ ሰግጄባት ወጣሁ።»

«የምን ሕፃን?» አለ ዘይኑ።

ዓብዱልመጂድ ዞሮ አየው።

«የምን ሕፃን ነው የምትሉት? ሽማግሌ ሰውዬ አይደሉ እንዴ! ቃሬዛው እኮ ከፊታችን ነበር። ኢማሙ 'ጀናዛው ወንድ ነው' ብለው ተናግረው አይደል የሰገድነው?»

«እኔ ነኝ የተሸከምኳቸው» አለ አቡበከር። «ከዚያ ከቀይ አፈሩ መቃብር ስመለስ ነው ጫማዬ የጨቀየው። መንገደኛ ናቸው፤ የሚሸከምላቸው ሰው ጎድሎ ነበር።»

እንድሪስ ቀና አለ። «ዘይኑ ትናንት 'ሰገድን፣ ከዚያ ቆመን ሰገድን' አለኝ። ሩኩዕ ሱጁድ፣ ማጎንበስና በግንባር መደፋት የሌለው፣ ቆሞ ብቻ የሚሰገድ የጀናዛ ሰላት ነው። አቡበከርን ስጠይቀው ቀብሩን ነገረኝ፤ ኢማሙንም ጠየቅኳቸው። ድምፅ ማጉያው ስላልሠራ ጀናዛ መኖሩን ውጭ ያለ ሰው አልሰማም፤ የሞቱት እንግዳ ስለሆኑ ለቅሶ የተቀመጠ ቤትም የለም። ያወቁት መስጊድ ውስጥ የነበሩ ብቻ ናቸው። ዓብዱልመጂድ፣ ትናንት ስለ ጀናዛው አንዲት ቃል አልተነፈስክም። ዛሬ ደግሞ ያልሞተች ሕፃን ላይ ሰገድክ።»

ዓብዱልመጂድ ከወንበሩ ተነሣ፤ ተመልሶም ተቀመጠ። ሽቶው ብቻ ይሸት ነበር።

«ልለምነው ነበር የመጣሁት» አለ በመጨረሻ። «ወላሂ ልለምነው። በኋላ በር ስገባ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ተኝቷል፤ ስክሪኑ ፊቱ ቀይ ሆኖ በርቷል። ጄኔሬተሩ ይጮኻል። ልቀሰቅሰው አልኩ። ከዚያ... እጄን አላነሣሁበትም። በር ነው የዘጋሁት። በር ብቻ።»

«በሩን በእግርህ ነው የዘጋኸው?» አሉ ዙቤይዳ። «መቀርቀሪያው ሁለት እጅ ይፈልጋል ሲል አልሰማህም? ትከሻዬን በሳምክበት አፍ ልጄን አሳሰርካት! ተነሥ ከፊቴ!»

ሴቷ ፖሊስ የፈይሩዝን እጅ ለቃ ወደ እሱ ሄደች። ሲያወጡት ጀለቢያው የባጃጁን ጎን ታክኮ ነጭ ዱቄት ይዞ ወጣ። ማንም አልተደሰተም። ሙህዲን አፈር ለብሷል፤ የሚመልሰው የለም። አቡበከር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ቀረ። እንድሪስ ዓይኑን ጨፍኖ መፋቂያውን ያኝካል።

ፈይሩዝ መጥታ የአያቷን ክንድ ያዘች። «አኮ፣ ቤት እንሂድ።»

ዙቤይዳ አልተነሡም። አቡበከርን ብዙ አዩት። «ስማቸው ማን ይባል ነበር?»

«የማን?»

«የሽማግሌው።»

«ያወቀው የለም። ከሰንበቴ ገበያ ሲመለሱ መኪና ላይ ታመው ነው እዚህ ያወረዷቸው። ሐሙስ ማታ አረፉ።»

«ለቅሶ ማን ተቀመጠላቸው?»

«ማን ይቀመጣል፣ አኮ?»

ከሚሴ ውስጥ ያልሰማሁት ሞት የለም ያሉት ሴት ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ቆዩ። «ነገ እኔ ቤት ነው የሚቀመጠው» አሉ። «ዱዓ የሚያደርጉ ሽማግሌዎች ጥራልኝ። የቀበርካቸው አንተ ነህ፤ አትቅር።»

ከዚያ ተነሡ፤ ግን ወደ በሩ አልሄዱም። ወጣቱ ፖሊስ ፊት ሄደው ቆሙ።

«ወረቀት አውጣ።»

«የምን ወረቀት፣ እማማ?»

«ቃሌን ልትጽፍ ነዋ።»

ፖሊሱ እንድሪስን አየ። እንድሪስ ዓይኑን ሳይገልጥ «ጉዳዩ አልቋል፣ እናቴ። ልጅቷ ነጻ ናት፤ የእርስዎ ቃል አሁን ለምንም አያስፈልግም» አለ።

«ያለቀው የእናንተ ጉዳይ ነው!» ዙቤይዳ አውራ ጣታቸውን አነሡ። «ከልጄ ጋር ምሳ በላሁ ብዬ ውሸታም አድርጋችሁ በዝናብ አዋላችሁኝ። ዛሬም ያመናችሁት ሣህኑን ነው፤ ማግኔቱን ነው። እኔን ያመነ የለም። መዝገባችሁ ውስጥ ስሜ ይግባ። ስትጨርስ ጮክ ብለህ ታነብልኛለህ፤ አንዲት ቃል ብታጎድል አውቅብሃለሁ። ዙቤይዳ ሙሳ ብለህ ጀምር። ምን ታፈጣለህ? ጻፍ!»